መብራት መምጣቱን በምን እናውቃለን?

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለሙናዊር
ጆሀንስበርግ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይንም ከክፉ ጎረቤትም ይጠብቅህ። እንዴት ነህ ልጄ? እኔ አክስትህ ሠርኬ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ስጠራው ቶሎ አይመጣም፤ ቢሆንም አለ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። በስልክ ስናወራ ግቢው ሁሉ ይሰማናል። ባለፈው "በረደኝ" ብትለኝ፣ በማግስቱ ስምንቱም ቤት "የሙናዊር ጉንፋን ተሻለው?" ሲለኝ ዋለ። ደግሞስ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት ለጌጥ ነው እንዴ? ለንግድ ወደዚያ የሚመላለሰው ሰውዬ ይህችን ይዞልሃል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዋፋን ሽማግሌ ልከው ጠየቁን፤ እኛም እሺ አልን። ልጁ ጎጃም በረንዳ ሱቅ አለው። ትንሽ ዝምተኛ ነው፤ እናቱን ስሰማት ግን ዝምታው ከየት እንደመጣ ገባኝ፣ ተራ ደርሶት አያውቅም። ኒካሑ ከዐረፋ በኋላ፣ ሰኔ 8 እሑድ ነው።

ታውቃለህ፣ ልጄ ኢክራ ዋፋን ወልዳ ሳምንት አልቆየችም። ዋፋ የእናቷን ፎቶ ታውቃለች፣ ድምጿን አታውቅም። የኢክራ ሠርግ የተቀረጸበትን የቪዲዮ ካሴት ሃያ ሁለት ዓመት ቡፌ ውስጥ ቆልፌበት ኖርኩ፤ ድምጿን የምሰማበት አንጀት አጣሁ። አሁን ግን ወስኛለሁ። ዋፋ እናቷን ሳትሰማ ከዚህ ቤት ለባል አትወጣም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ልሞክረው ብዬ ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ስጨምረው መብራት ሄደ። ማታ በኃይል መጣና ቴሌቪዥኑንም ዴኩንም አቃጠላቸው። ካሴቱ ውስጥ ቀረ። ጠጋኙ ሙስዓብ ዴኩን ፈትቶ አወጣልኝ፤ ከካሴቱ ክር አንድ ክንድ የሚያህለው ግን ተጨማዶ ወጣ። ቴሌቪዥን እዚሁ አገኛለሁ። ዴክ ግን ተራ ለተራ ዞሬ አጣሁ። መርካቶ የሌለ ነገር አለ ቢሉኝ ስቄባቸው ነበር።

"ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ልጆች አሉ፣ ወስደሽ ስጫቸው" ይሉኛል። አልሰጥም። የተቀረጸው የሴቶቹ ክፍል ነው፤ ኢክራ ፀጉሯን ፈትታ ትዘፍናለች። "እማ፣ ባዕድ ወንድ እንዳያይብኝ" ብላኝ ወላሂ ብያታለሁ።

ዴክ ፈልግልኝ። ስትሄድ የሰጠሁህን ሁለተኛዋን ኮፒም አደራ። እሷ ስላለች ነው የምተኛው።

አክስትህ ሠርኬ


ጆሀንስበርግ
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእቴቴ ሠርኬ

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎን አላህ ያበርታልኝ። ለዋፋ እንኳን ደስ አለሽ ይበሉልኝ፤ ዝምተኛ ባልም መልካም ነው፣ እሷ የምትናገረው አታጣም።

ዴክ አገኘሁ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሽማግሌ ህንድ ነው የገዛሁት፤ ሱቄ ወስጄ ፈትቼ ጠርጌ አራት ቀን ሙሉ ሞከርኩት። አብሬ ስታቢላይዘር ልኬያለሁ። እሱ ማለት በግድግዳው ሶኬትና በዕቃዎ መካከል የሚቆም ዘበኛ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲያንስ ይሞላል፣ ሲበዛ ይቀንሳል፣ ከልክ ሲያልፍ ይዘጋል። ባትሪ ግን አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

እቴቴ፣ በዚህ ሥራ አሥር ዓመት ቆይቻለሁ። እዚህም መብራት በተራ ይጠፋ ስለነበር የተቃጠለ ዕቃ ሲያመጡልኝ ነው የኖርኩት። ከመብራቱ መጥፋት ይልቅ አመጣጡ ነው ዕቃ የሚገድለው። ሲመለስ መጀመሪያ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይዘላል። ስለዚህ ሲሄድ ወዲያው ይንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ከሶኬቱ ይንቀሉት። ሲመጣም ረጋ እስኪል ይቆዩ። እናንተ ደግሞ ስምንት ቤት በአንድ ቆጣሪ ናችሁ፤ ከግድግዳዎ ጀርባ ያለው አሸብርም ይበይዳል። እሱ ብረቱን በነካ ቁጥር የእርስዎ ቴሌቪዥን ይደነግጣል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ያን ማታ መብራቱ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ነበር?

ልጅዎ ሙናዊር


መርካቶ
ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙናዊር

አሰላሙ ዐለይኩም። እጅህ አይንጠፍ፣ ዕቃው በሙሉ ደረሰ። ዴኩ ያምራል። ስታቢላይዘሩንም ኢክራ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አልብሼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ያየ ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል። "የሙናዊር ዘበኛ ነው" እላለሁ።

አሸብርን አነጋገርኩት። "አንተ ብረት በያጅ፣ ቤቴን ስታጨልምብኝ መኖርህ ነው?" አልኩት።

"እቴቴ፣ እኔ ባልበይድ ያን የውጭ በርዎን ማን ይጠግነዋል?"

"በሩን የገነጠለው ያንተ ጋሪ አይደል!"

"ታዲያ ያፈረሰ ይጠግን ብዬ እኮ ነው!" ብሎኝ እርፍ። ምን ትለዋለህ? ኤልሳቤት ደግሞ ከፊት ለፊት ቤቷ ሆና ትስቃለች። የእሷ ፍሪጅ እንደ ጎተራ ትልቅ ነው፤ ሲነሳ የእኔ አምፖል ይደክማል። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አይቻለሁ፣ ግማሽ ሎሚና ውኃ ነው።

ዋፋ ልብስ እያሰፋች ነው። ሦስት ጊዜ አስጠበበችው፣ አሁን ልታሰፋው ነው።

ይልቅ ስታቢላይዘሩ ሰነፍ ቢጤ ነው፤ መብራት መጥቶ እንኳ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ንቁ የሆነ ሌላ ካለ ላክ። በዚያውም ለማወቅ ያህል፦ ዴክ እዚያ በብዛት ይገኛል? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩህ።

ስለ ኮፒዋ ምንም አላልክም። ረስተኸው ይሆናል።

አክስትህ ሠርኬ


ጆሀንስበርግ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሠርኬ

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ ቤትዎን በሰላም ይሙላልኝ።

ከሁሉ በፊት ያን ዳንቴል ያውልቁት። ስታቢላይዘሩ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሰው፤ ከለበሰ ይግላል፣ ከጋለ ይነድዳል። ደግሞ ሰነፍ አይደለም። መብራት ሲመጣ ሦስት ደቂቃ ዝም የሚለው ሥራው ስለሆነ ነው፤ ኤሌክትሪኩ መርጋቱን አይቶ ነው የሚያሳልፈው። ትንሿ ቢጫ መብራት ብልጭ ካለች እየጠበቀ ነው ማለት ነው። እርስዎም አብረውት ይጠብቁ።

"ዴክ በብዛት ይገኛል?" ያሉኝን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሙስዓብ ጋ ሌላ ጊዜ ሄደው ይሆን? እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልቆጣም።

የመቆጣት መብትም የለኝም። እቴቴ፣ ኮፒዋ የለችም። ቤቱ እንኳ ቢቃጠል አንዷ ትትረፍ ብለው በፌስታል ጠቅልለው፣ በክር ሰፍተው ሰጥተውኝ ነበር። በ2004 በእግር ስንወርድ፣ ድንበር ላይ ጫካ ውስጥ ደላላው "ቦርሳ የያዘ እዚሁ ይቀራል" አለን። ቦርሳዬን ጣልኩ። ካሴቷን ብቻ ብብቴ ሥር ይዤ ነበር፤ ወንዝ ስንሻገር ውኃው ወሰዳት። ጆበርግ ደርሼ ስደውልልዎ "ካሴቷስ?" አሉኝ፣ "አለች" አልኩ። ያኔ በሕይወት መድረሴን ሰምተው እያለቀሱ ነበርና ሌላ ነገር መናገር አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት አለች ስል ኖርኩ።

ያለችው የእርስዎ ብቻ ናት።

ልጅዎ ሙናዊር


መርካቶ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙናዊር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ረመዳን ነበር ብልህ እዋሻለሁ፤ ረመዳን መጻፍ አይከለክልም። ተናድጄ ነው። ዒድ ዕለት ግን ዋፋ "እማ፣ ሙናዊርን ምን አድርጎሽ ነው የማትጠሪው?" አለችኝ። ኢክራም እማ ነበር የምትለኝ። ካሴቱን ወንዝ ቢወስደው አንተን ትቶልኛል አልኩና ንዴቴ ወጣልኝ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ተነቅሎ ነበር ወይ ብለህ የጠየቅኸኝን ዘልዬው ነበር። አልተነቀለም። አብርቼው ነው የተውኩት፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጌ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የማደርገው። መብራት ሲመጣ የእኔ ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ኤልሳቤት "መጣ!" ትላለች፣ ስምንቱም ቤት ምድጃውን ይለኩሳል። ግቢው መብራት መምጣቱን የሚያውቀው በእኔ ቴሌቪዥን ነው። ይህ ደግሞ ያኮራኝ ነበር፣ ምን ልደብቅህ።

ሁለተኛውም ኃጢአት የእኔ ነው። የላክኸው ዴክ በመጣ በሳምንቱ መብራት ሄዶ መጣ። ስታቢላይዘርህ ዝም አለ። ሞተ ብዬ ዴኩን ነቅዬ ከግድግዳው ሶኬት ሰካሁት። አሸብርም ያን ጊዜ ብረቱን ነካ፣ አምፖሉ ደከመ፣ ከዚያ ቦግ አለ፣ ዴኩ ጨሰ። ካሴቱ ውስጡ አልነበረም፣ አልሐምዱሊላህ። ሦስት ደቂቃ ብታገሥ ኖሮ!

ሙስዓብ ከሞተው ዴኬ ዕቃ አውጥቶ አዳነልኝ። ሲሰጠኝ ምን አለኝ መሰለህ? "እቴቴ፣ ሦስተኛ ጊዜ ካመጡት ለእኔ ሳይሆን ለቀባሪ ይስጡት።"

ከእንግዲህ ሌላ ዴክ አልለምንህም። ዴክ መለመን ቀላል ነው፤ ግቢ ማስተካከል ነው የሚከብደው፣ እሱን ይዣለሁ። ትናንት ስምንቱንም ቤት ሰብስቤ ኢክራ እንዴት እንደሞተች፣ ካሴቱ አንድ ብቻ እንደቀረ ነገርኳቸው። "ሰኔ 1 እሑድ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ፣ ከእኔ ቤት በቀር በዚህ ቆጣሪ ላይ የሚበራ ነገር አይኖርም" አልኩ።

"ፍሪጁስ?" አለች ኤልሳቤት።

"ሎሚሽ ሦስት ሰዓት አይሞትም።"

አሸብር ግን፣ "እቴቴ፣ እሑድ የማስረክበው በር አለ" አለ።

"ቅዳሜ አስረክባ።"

"ቅዳሜ ካላደርኩበት አይደርስም።"

"እደርበት። እኔ ሻይ አፈላልሃለሁ።"

ዓይኔን አየና "እሺ" አለ። አሸብር እሺ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ እኔው ደነገጥኩ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ቴሌቪዥኑን ከነቀልኩት ግቢው መብራት መምጣቱን በምን ያውቃል? ሁሉም ይህንኑ ነው የሚያነሳብኝ።

አክስትህ ሠርኬ


ጆሀንስበርግ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሠርኬ

ወዐለይኩም ሰላም። ይቅርታዎ ከደረሰኝ ወዲህ ሱቄ ውስጥ ሳፏጭ እውላለሁ፤ ደንበኞቼ ታመመ እንዴ ይላሉ።

ጥያቄዎ ቀላል ነው። አሸብር ቆጣሪው አጠገብ አንድ ተራ አምፖል ይስቀል፣ ማጥፊያ የሌለው። መብራት ሲመጣ እሱ ይበራል። ቢቃጠልም አምፖል ነው፣ ከኪዮስክ ሌላ ይመጣል። ግቢው እሱን አይቶ ይወቅ። ካወቀ በኋላም ሁሉም ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይሰካ፣ ያውም ስምንቱም ቤት ባንድ ጊዜ ሳይሆን ተራ በተራ።

ለእሑዱ፦ ስታቢላይዘሩ ለብቻው የግድግዳ ሶኬት ይሰካ፣ ዲቫይደር ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር አይደባለቅ። ቴሌቪዥኑና ዴኩ ከእሱ ላይ ይሰኩ። ቅዳሜ በማያሳዝን ሌላ ካሴት ይሞክሩት። የኢክራን ከመክተትዎ በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሰዓት ያህል ትቆይ፣ የክፍሉን ሙቀት ትልመድ። የተጨማደደው ጋ ሲደርስ ምስሉ ይበጠበጣል፤ አይደንግጡ፣ ምንም አይንኩ፣ ያልፋል። መብራት ቢሄድ ግን ሁሉንም ይንቀሉ። ዋፋ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጣ በራሷ ስልክ ትቅረጸው። ሴት ቀርጻ ሴት ጋ ይቀመጣል፤ ወላሂዎም አይፈርስም።

ለሠርጉ አልመጣም። የመኖሪያ ወረቀቴ እስኪታደስ ከወጣሁ መመለስ የለም። ግን እሑድ በእናንተ ስምንት፣ በእኛ ሰባት ሰዓት ላይ ሱቄ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቅዬ እቀመጣለሁ። ከመርካቶ ቆጣሪ ጋር እንደማይገናኝ አውቃለሁ። ቢሆንም እነቅላለሁ።

ሙናዊር


መርካቶ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙናዊር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አምፖሉ ተሰቀለ። አሸብር የሽቦ ቤት ሠራለት፣ ሰጎን የሚጠብቅ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ግቢው በእሱ አወቀ። እኔ ሦስቱን ደቂቃ በሙስበሃ መቁጠሪያዬ ነው የምቆጥረው፤ ኤልሳቤት በአቡነ ዘበሰማያት ትቆጥራለች። ቶሎ ቶሎ ስለምትለው ሁልጊዜ እሷ ቀድማ ትጨርሳለች፣ እኔም "እንደገና ድገሚ" እላታለሁ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን አሸብር የብየዳ ማሽኑን ነቅሎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ታቅፎት መጣና ቆጣሪው ሥር ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። "እቴቴ፣ ዛሬ እዚህ የሚነካ ካለ ከእኔ ጋር ነው" አለ። የግቢው ወንዶችም አብረውት ደጅ ተቀመጡ። አሸብር ሌሊቱን አልተኛም፣ ዓይኑ ደም መስሏል፤ በሩን ግን አስረክቧል። ሴቶቹ በሙሉ እኔ ቤት ገቡ። ስታቢላይዘሩ ራቁቱን ነው፣ አንተ እንዳልከው። ቢጫዋ ብልጭ ብልጭ አለች፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነች። ዴኩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዋፋም እጇን በእጄ ላይ አደረገች፣ አብረን ተጫንነው።

ወጣች። ኢክራዬ ወጣች፣ ያ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ፣ እየዘፈነች። ዋፋ ስልኳን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የተጨማደደው ጋ ሲደርስ ምስሉ በረዶ ሆነ፣ ድምጿ ግን አልተቆረጠም። ምንም አልነካሁም። አለፈ።

ከዚያ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ቴሌቪዥኑ ድንገት ጥቁር ሆነ። ሴቶቹ ሁሉ "ያ አላህ!" አሉ፣ ኤልሳቤት "በስመ አብ!" ብላ ተነሳች፣ እኔ ሶኬቱን ልነቅል ዘለልኩ። ጉልበቴ ያን ቀን በጠራሁት ጊዜ መጣ። ዋፋ ግን "እማ፣ ቆዪ! ስታቢላይዘሩ በርቷል!" አለች። እውነትም አረንጓዴዋ በርታለች። ለካ የሄደው የዛሬው መብራት አይደለም። የኢክራ ሠርግ ዕለት መብራት ሄዶ ነበር፤ ካሜራው በባትሪ ስለሆነ ጨለማውን ቀርጾታል። ረስቼዋለሁ ልጄ፣ ፈጽሞ ረስቼዋለሁ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ እልልታና ሳቅ ይሰማል። ከዚያ የኢክራ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፦

"እማ! ቴሌቪዥኑን ንቀይው፣ ሲመጣ ያቃጥለዋል!"

እና የእኔ ድምፅ፣ የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ድምፄ፦

"ተይው ባክሽ! መብራት መምጣቱን በምን እናውቃለን?"

መጀመሪያ የሳቀችው ዋፋ ናት። ስትስቅ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ኢክራም በእኔው መልስ ትስቃለች። ሁለቱ ሳቅ አንድ ሆነብኝ፣ የቱ ከየት እንደሚመጣ መለየት አቃተኝ። ዋፋም ሰማችው። ሳቋን አቁማ አየችኝ፤ ከዚያ እያለቀሰች እንደገና ሳቀች፣ ልትሰማው ብላ።

አሸብር ከደጅ "እቴቴ፣ ምን ሆናችሁ? ሄደ እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"አልሄደም! አርፈህ ቆጣሪህን ጠብቅ!" አልኩት።

አርባ አንድ ደቂቃ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየናት። ሲያልቅ ሁሉንም በእጄ ነቀልኩ፣ አንድ በአንድ። ልጄ የነገረችኝን ሃያ ሦስት ዓመት ዘግይቼ አደረግኩላት።

ኒካሑ የፊታችን እሑድ ነው። ስታቢላይዘሩን ከዕቃዋ ጋር ለዋፋ ሰጥቻታለሁ። ዳንቴሉን ለብቻው አጥፌ ሻንጣዋ ውስጥ አደረግኩ፤ "ይሄ የእናትሽ እጅ ነው፣ ኤሌክትሪክ ላይ እንዳታለብሽው" አልኳት። አሮጌው ዴክ እኔ ጋ ይቀመጣል፣ ተነቅሎ።

ከአንተ የምፈልገው ዕቃ የለም። ሱቅህን ነቅለህ መቀመጥህን ለግቢው ነግሬያለሁ፤ አሸብር "ታዲያ ለዚህ ነዋ ኃይሉ የበቃን" ብሏል። ወረቀትህን ጨርስና ና። መብራት መምጣቱን በአምፖል አወቅን። አንተ መምጣትህንስ በምን እንወቅ? ጻፍልኝ።

አክስትህ ሠርኬ